ለሥራ ድሬዳዋ፣ ለእረፍት ሐረር፦ ትንሽ ሆቴል መርጦ ሁለቱን በአንድ ጉዞ ማስኬጃ ዝርዝር መመሪያ

መሥሪያ ቤታችሁ ለስልጠና፣ ለስብሰባ ወይም ለመስክ ሥራ ድሬዳዋ ላካችሁ እንበል። ትኬቱ ተቆርጧል፣ አበሉም ተሰልቷል። ከድሬዳዋ አንድ ሰዓት ያህል ርቀት ላይ ደግሞ ሐረር አለች። ብዙ ሰው ግን አርብ ሥራውን ይጨርስና ቦርሳውን አንጠልጥሎ በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። ይሄ ያንገበግበኛል። ሁለት ቀን ጨምሮ፣ ከኪሱ ትንሽ ብር አውጥቶ፣ ሌላ የትም በማይገኝ ቤት ውስጥ አድሮ መመለስ ይችል ነበር።

ሥራና እረፍት በአንድ ጉዞ አይሄዱም የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል። ይሄዳሉ። ግን በመሃላቸው መስመር መሰመር አለበት። ቀኑ ይለይ፣ ገንዘቡ ይለይ፣ ማደሪያውም ይለይ። ሁለቱን የቀላቀለ ሰው ሥራውንም በደንብ አይሠራ፣ እረፍቱንም አያጣጥም።

ትንሽ ሆቴል፣ በሌላ ስሙ ቡቲክ ሆቴል፣ የምለው ክፍሎቹ ጥቂት የሆኑ፣ ባለቤቱ ወይም ቤተሰቡ እዚያው የሚውሉበት፣ የራሱ መልክና ታሪክ ያለው ማደሪያ ነው። በር ላይ «ቡቲክ» ተብሎ መጻፉ ምንም አያረጋግጥም። ስሙ ሳይኖረው ግብሩ ያለው ቤት ብዙ ነው። ሐረር ጀጎል፣ ማለትም በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ከተማ፣ ውስጥ ያሉት የቤተሰብ እንግዳ ማረፊያዎች ለምሳሌ «ቡቲክ» የሚል ቃል የትም አልጻፉም፤ ለእኔ ግን በአገራችን ካሉት ሁሉ ቀዳሚዎቹ እነሱ ናቸው።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ቀኑን ቁረጡ

ሥራው ከፊት፣ እረፍቱ ከኋላ ይሁን። ያላለቀ ሥራ በአእምሮ ይዞ ሐረርን መዞር ሐረርን አለማየት ነው። ቀን የመምረጥ ዕድሉ ካላችሁ ሥራውን ከረቡዕ እስከ አርብ አድርጉት። ስልጠናው ሰኞ የሚጀምር ከሆነና የግድ እረፍቱ መቅደም ካለበት፣ አርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ጠዋት ግቡና እሁድ ከሰዓት ድሬዳዋ ተመለሱ። ሰኞ በማለዳ ከሐረር ተነስቼ 2 ሰዓት ተኩል ስብሰባ እገባለሁ ብሎ ማሰብ አያዋጣም።

ከዚያ የቀን መቁጠሪያውን ተመልከቱ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ነው። ከንግሡ ቀናት ቀደም ብሎም ሆነ በኋላ ድሬዳዋና ሐረር አልጋ ማግኘት ፈተና ነው፤ ዋጋውም ይንራል። ለመሳለም ካልሆነ ቀኑን ቀይሩ። ለመሳለም ከሆነ ደግሞ ቀደም ብላችሁ ያዙ።

ረመዳን ላይ ከሆነ ቀኑ ቀዝቀዝ ይላል፣ ብዙ ምግብ ቤቶችም ቀን ይዘጋሉ። ማታው ግን ይደምቃል። ከረመዳን በኋላ በሸዋል ወር መጀመሪያ ሐረሪዎች ሹዋሊድን ያከብራሉ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ያሰፈረው በዓል ነው። ሥራችሁን ከዚህ ጋር ማገጣጠም ከቻላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ማረፊያ ግን በጊዜ ያዙ።

አየሩን በተመለከተ ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬዳዋ በሙቀት ትነድዳለች። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል።

ደረጃ 2፦ ለመሥሪያ ቤታችሁ በግልጽ ተናገሩ

«ማን ያውቅብኛል» ብሎ መቅረት አያስፈልግም። የሚያሳፍር ነገር እየሠራችሁ አይደለም። ትኬቱ ከመቆረጡ በፊት አንድ አጭር ኢሜይል ጻፉ፦

«ሥራው አርብ ከሰዓት ይጠናቀቃል። ቅዳሜና እሁድን በግል ወጪዬ ሐረር ለመቆየት ስላሰብኩ፣ የመመለሻ ትኬቴ እሁድ ማታ እንዲሆን እጠይቃለሁ። ለሁለቱ ቀናት አበል፣ የማደሪያም ሆነ የትራንስፖርት ክፍያ አልጠይቅም።»

በቃ። ይህቺ ጽሑፍ ሦስት ነገር ታደርግላችኋለች። ትኬት ከተቆረጠ በኋላ ቀን ለመቀየር ከሚጠየቀው ተጨማሪ ክፍያ ታድናችኋለች። ሒሳብ ክፍሉ አበሉን ያለ ጭቅጭቅ ይዘጋል። በእነዚያ ሁለት ቀናት አንድ ነገር ቢደርስባችሁም በግል ጉዳይ ላይ እንደነበራችሁ ግልጽ ነው። ሰኞን መጨመር ከፈለጋችሁ ከዓመት ፈቃዳችሁ ላይ አስቆርጡ።

የመሥሪያ ቤት መኪና ይዛችሁ የሄዳችሁ ከሆነ ሐረር ለሽርሽር በሱ አትሂዱ። ሹፌሩን ችግር ላይ ትጥሉታላችሁ። ሚኒባስ ሞልቷል።

ደረጃ 3፦ ሁለት ማደሪያ፣ ሁለት ከተማ

አንዳንዱ ሰው ሐረር አድሮ ድሬዳዋ እየተመላለሰ ለመሥራት ያስባል። አልመክርም። መንገዱ ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ግን የደንገጎ ዳገት አለ። ጠመዝማዛ ነው፣ የጭነት መኪና ይበዛበታል። በየቀኑ ጠዋትና ማታ እሱን መውጣት መውረድ ጉልበታችሁን ይጨርሳል።

ስለዚህ በሥራው ቀናት ድሬዳዋ እደሩ። ለእንግዳ የሚመቸው ሰፈር ከዚራ ነው። ምድር ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ ከተማዋም ከሱ ጋር ተወለደች። ከዚራ ያኔ በእቅድ የተሠራው ክፍል ነው። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዛፉ ጥላ የሚሰጥ፣ ካፌው በየጥጉ ነው። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው መጋላ ደግሞ ገበያው፣ ግርግሩ፣ ቀፊራው ነው። ለመዋል መጋላ፣ ለመተኛት ከዚራ።

ስብሰባው የሚካሄደው ትልቅ ሆቴል ውስጥ ከሆነ አዘጋጆቹ እዚያው አልጋ ሊይዙላችሁ ይችላሉ። ክፍያው በነሱ ከሆነ እደሩ። ምርጫው የእናንተ ከሆነ ግን በእግር የሚኬድበት ርቀት ላይ ትንሽ ሆቴል ፈልጉ። ሲመሽ ከሥራ ባልደረቦቻችሁ ጋር አንድ ኮሪደር ላይ አለመሆን ራሱ እረፍት ነው።

ደረጃ 4፦ ደውሉ

ከመመሪያው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። ትንሽ ሆቴልን በፎቶ አትምረጡ። ደውሉና አነጋግሩ። ትልቅ ሆቴል ብትደውሉ የምታገኙት የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛ ነው። ትንሽ ሆቴል ብትደውሉ ባለቤቱን ወይም ልጁን ታገኛላችሁ። አነጋገራቸው ብቻ ብዙ ይነግራችኋል።

ጥያቄያችሁ የተቆረጠ ይሁን። «ጄኔሬተር አለ?» ብትሉ መልሱ ሁሌም «አለ» ነው። እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦

«ሄሎ፣ ሰላም ወንድሜ። ከረቡዕ እስከ አርብ አንድ አልጋ ፈልጌ ነበር። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ኤሲውንም ያስነሳል ወይስ አምፖል ብቻ ነው?»

«አምፖሉንና ሶኬቱን ነው። ኤሲውን አይችልም።»

«ማራገቢያስ?»

«ማራገቢያ ይሠራል። ችግር የለም።»

ይሄ ሰው ታማኝ ነው። ማራገቢያ ካለ ድሬዳዋ ላይ ሌሊቱን ማለፍ ይቻላል፤ ያልተነገራችሁ ነገር ግን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ በላብ ያስነሳችኋል።

ቀጥላችሁ ስለ ውሃው ጠይቁ። ታንከር አለ ወይ? ግፊቱ ላይኛው ፎቅ ይደርሳል ወይ? ዋይፋዩ የሚሠራው ክፍል ውስጥ ነው ወይስ ሎቢ ብቻ? ሪፖርት የምትጽፉ ከሆነ ጠረጴዛና ወንበር መኖሩን አረጋግጡ። ትንንሽ ሆቴሎች ብዙ ጊዜ አልጋው ላይ ይጠነቀቃሉ፣ ጠረጴዛ ግን ይረሳሉ። ብትጠይቋቸው ከምግብ ቤቱ አንድ አውጥተው ያስገቡላችኋል፤ ትልቅ ሆቴል ይህን አያደርግላችሁም።

ሌላው ድምፅ ነው። ቅዳሜና እሁድ ሰርግ የሚደገስበት አዳራሽ አለ ወይ? ምድር ቤቱ የሙዚቃ ቤት ነው ወይ? «ወደ ጓሮ የዞረ ክፍል ስጡኝ» ማለት ብቻውን እንቅልፋችሁን ያድናል።

አልጋውን በስልክ ከያዛችሁ በኋላ ስምምነታችሁን በቴሌግራም ወይም በአጭር መልእክት በጽሑፍ ያዙት፦ ቀኑ፣ ዋጋው፣ ቁርስ መጨመሩ። ክርክር ቢነሳ ስልካችሁን አውጥታችሁ ታሳያላችሁ። ከአንድ ቀን ዋጋ በላይ ቅድሚያ አትላኩ።

ደረጃ 5፦ ደረሰኝና ብር

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚቸገረው። የድሬዳዋው አልጋ በመሥሪያ ቤት የሚወራረድ ከሆነ ሕጋዊ ደረሰኝ ያስፈልጋችኋል። ትንሹ ሆቴል የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ይሰጣል ወይ? ይህን በስልክ ጠይቁ፣ ሲገቡ ደግማችሁ ጠይቁ። የመሥሪያ ቤታችሁን ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱና ለካሸሯ ስጧት። ስትወጡ ሳይሆን ስትገቡ። ሌሊት ተነስታችሁ አውሮፕላን ልትይዙ ስትሉ ሲስተም የለም የሚባለውን ነገር የሚያውቅ ያውቀዋል።

ዋጋ ሲነገራችሁ «ሁሉንም ጨምሮ ነው?» በሉ። ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነው፤ ብዙ ሆቴሎች 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያም ይጨምራሉ። በስልክ 2,000 ብር የተባላችሁት አልጋ ሁለቱ ሲደመሩበት ከ2,500 ብር ያልፋል። ሒሳብ ክፍላችሁ ጣሪያ ካለው ይቺ ልዩነት ከኪሳችሁ ትወጣለች።

በሥራ ቀናት የበላችሁትንና የጠጣችሁትን የግል ነገር ከአልጋው ሒሳብ ጋር አታስደምሩ። እራት ላይ የጋበዛችሁት ጓደኛ፣ ያሳጠባችሁት ልብስ፣ ሁሉም በተለየ ደረሰኝ ይሁን።

ለሐረሩ ክፍል ግን ሌላ ስሌት ነው። የቤተሰብ ማረፊያ ውስጥ ማሽን ላታገኙ ትችላላችሁ። በራሳችሁ ገንዘብ ስለሆነ አያስጨንቃችሁም። በቴሌብር ወይም በባንክ ማስተላለፍ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፤ ያም ሆኖ ጥሬ ብር ያዙ። ጀጎል ውስጥ ለአስጎብኚው፣ ለጅብ መጋቢው፣ ለሳምቡሳው፣ ለባጃጁ ዝርዝር ያስፈልጋል።

ደረጃ 6፦ ሻንጣ

አንድ ሻንጣና አንድ የጀርባ ቦርሳ ይበቃል። ለድሬዳዋ ስስ የጥጥ ሸሚዝ፤ ሙሉ ሱፍ የሚለብስላችሁ የለም። ለሐረር ግን ሹራብ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር አካባቢ። በአንድ ሰዓት መንገድ የአየር ንብረቱ ይቀየራል። ጫማ ቶሎ የሚወልቅና የማያዳልጥ ይሁን፤ ምክንያቱን ሐረር ስንደርስ ታዩታላችሁ። ሴቶች ነጠላ ወይም ሻሽ ብትይዙ ብዙ ቦታ ይጠቅማችኋል።

የትንኝ መከላከያ ቅባት አትርሱ። ድሬዳዋ የደንጊ ትኩሳት የሚታይባት ከተማ ናት፤ በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትነክሰው ደግሞ ቀን ነው። አጎበሩ ለሌሊት ብቻ ነው የሚበቃችሁ።

ደረጃ 7፦ የድሬ የሥራ ቀን

ድሬዳዋ ላይ ሥራ የጠዋት ነው። ይህን ያልተረዳ እንግዳ ቀኑን ያባክናል። ከባድ ቀጠሮ ሁሉ ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ተኩል ባለው ውስጥ ይግባ። ከ6 ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ይነሳል፣ ሱቆች ይዘጋሉ፣ ሰው ምሳውን በልቶ ጥላ ይፈልጋል፤ ብዙዎችም ጫት ይዘው ይቀመጣሉ። ከተማዋ ነፍስ የምትዘራው 10 ሰዓት ገደማ ነው። አርብ ደግሞ የመንግሥት ቢሮዎች ለጁምዓ ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል ይዘጋሉ። አርብ ላይ ፊርማ የሚፈልግ ጉዳይ ካላችሁ ጠዋት በር ላይ ተገኙ።

የቀትሩን ሰዓት ለጽሑፍ ሥራ ተጠቀሙበት። ትንሹን ሆቴል የመረጣችሁት ለዚህ ነው። ክፍላችሁ ገብታችሁ፣ ማራገቢያውን ከፍታችሁ፣ የጠዋቱን ማስታወሻ ወደ ሪፖርት ቀይሩት። አርብ ማታ ላይ የሚቀር ሥራ እንዳይኖር ሪፖርቱ በየቀኑ ይጻፍ።

ሰዉ ቀለል ያለ ነው። አንቱታ እንደ ሌላው አካባቢ አይበዛም፤ ከእናንተ በዕድሜ የሚያንስ ሰው «አንተ» ቢላችሁ ንቀት አይደለም። እናንተ ግን በሥራ ስብሰባ ላይ አክብሮታችሁን ይዛችሁ ቆዩ፣ እነሱ ሲፈቱት ትፈታላችሁ።

ከ10 ሰዓት በኋላ ከተማው የእናንተ ነው። ለገሀሬ ሄዳችሁ የድሮውን ባቡር ጣቢያ እዩት። የጥገና ክፍሎቹን ማየት ከፈለጋችሁ ጥበቃዎቹን ጠይቁ፣ ፈቃድና ክፍያ ይኖረዋል። ለዓመታት የቆሙትን ማሽኖች እየነካኩ የሚያስረዱ የቀድሞ ሠራተኞች ካጋጠሟችሁ አትቸኩሉ፣ አዳምጧቸው። እዚያ የሠሩ ሰዎች ስለ ባቡሩ የሚያወሩት ስለ ቤተሰባቸው እንደሚያወሩ ነው። ማታ ሳምቡሳ በሻይ፣ ጠዋት ፉል ወይም ፈጢራ። ፈጢራው በእንቁላልና በማር ሲሆን ምሳ አያስፈልጋችሁም።

ቀፊራ ገበያ ለመሄድ ማለዳ ይሻላል። ከሥራ በፊት አንድ ሰዓት ብታገኙ ሂዱ።

ደረጃ 8፦ አርብ ከሰዓት፣ መሻገሪያው

ሪፖርቱን ላኩ። ኢሜይላችሁ ላይ «እስከ ሰኞ አልገኝም» የሚለውን መልስ አብሩት። የሥራ ስልካችሁን ድምፅ አጥፉ። ከሆቴሉ ሒሳብ ዝጉ፣ ደረሰኙን ፎቶ አንሱ፣ ላፕቶፑን ሻንጣው ታች ክተቱት። ይህቺን ሥነ ሥርዓት የምታህል ትንሽ ነገር የለችም፤ ግን ሁለቱን ቀናት የምትጠብቅላችሁ እሷ ናት።

ከዚያ ሚኒባስ። የተመቻችሁ እንደሆነ ከጓደኞች ጋር ኮንትራት መያዝ ይቻላል። ከ9 ሰዓት ባልበለጠ ተነሱ። ደንገጎን ስትወጡ ወደ ኋላ ዞራችሁ ድሬዳዋን ተመልከቱ፤ ዳገቱ ሲያልቅ መስኮቱን የሚመታው አየር ሌላ ነው። ሐረማያን ታልፋላችሁ፣ ከዚያ አወዳይ ትመጣለች። ጫቷ ሌሊት ሳይቀር የሚሸጥባት ከተማ ናት። ቀጥሎ ሐረር።

ሳይመሽ መድረስ አለባችሁ። ጀጎል ከ1 ካሬ ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ቦታ ነው፣ ግን ጠባብ መንገዶቿ ተቆጥረው አያልቁም። በብርሃን ካልገባችሁ በቀር የማረፊያውን በር አታገኙትም። ሐረር በር ስትደርሱ ደውሉ። ልጅ ይልኩላችኋል። ያ ልጅ ጉርሻ ይገባዋል።

ደረጃ 9፦ ጌይ ጋር ውስጥ ማደር

የሐረሪ ባሕላዊ ቤት ጌይ ጋር ይባላል። ከውጪ የድንጋይና የኖራ ግድግዳ ነው፣ ምንም አያሳይም። በሩን አልፋችሁ ግቢው ውስጥ ስትገቡ ነው ቤቱ የሚከፈተው።

ደፉ ላይ ጫማ ይወልቃል። ዋናው ክፍል ውስጥ ወለሉ በአንድ ከፍታ አያልቅም። ነደባ የሚባሉ መደቦች አሉ፤ 5 ናቸው፣ ከፍታቸው ይለያያል። ምንጣፍና ትራስ ተደርጎባቸዋል። ማን የት እንደሚቀመጥ ጥንት የተወሰነ ነው፤ የአሚር ነደባ የሚባለው የቤቱ ትልቅ ሰው ቦታ ነው፤ ዝቅ ያለው የወጣቶች። ስትገቡ ዝም ብላችሁ ከፍ ያለው ላይ አትውጡ። የቤቱን እመቤት ጠብቁ፣ እሷ ታስቀምጣችኋለች።

ወለሉና የመደቦቹ ጠርዝ በቀይ አፈር ተቀብቷል። ሽማግሌዎች ቀዩ ቀለም እ.ኤ.አ. በ1887 በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይላሉ። ግድግዳው ላይ ከወገብ እስከ ጣሪያ ድረስ ስፌት ተሰቅሏል፤ እያንዳንዱ የአንዲት ሴት የወራት እጅ ሥራ ነው። ከስፌቶቹ መሃል የብረት ሳህኖች፣ ከነሱ በታች በግድግዳው ውስጥ የተቆፈሩ መስኮት መሰል መደርደሪያዎች። በአንድ ጥግ ደግሞ ክርታት የምትባል ጠባብ ክፍል አለች፤ ድሮ ሙሽሮች ከሰርጋቸው በኋላ የሚቆዩባት። አሁን በአንዳንድ ቤት እንግዳ ይተኛባታል።

እዚህ ቤት ውስጥ የሆቴል ነገር አትጠብቁ። ብዙ ጊዜ መታጠቢያ ቤቱ የጋራ ነው። ሐረር በውሃ እጥረት ስሟ የሚነሳ ከተማ ናት፤ በባልዲ የቀረበ ውሃ ላይ አትቆጡ። ጎህ ሲቀድ አዛን ትሰማላችሁ። ጀጎል ውስጥ 82 መስጊዶች አሉ፤ አንዱ ጋ ሲጀምር ሌላው ይቀበለዋል። እንቅልፋችሁ ቀላል ከሆነ የጆሮ መድፈኛ ያዙ። እኔ ግን አንዱን ጠዋት ያለሱ ሁኑ እላለሁ።

መጠጥ ይዛችሁ አትግቡ። ሐረር ቢራን የጀጎል ውጪው ይበቃዋል። ስንት ሰዓት በር እንደሚዘጋ ጠይቁና ከዚያ በፊት ግቡ፤ ካልሆነ አንድ ሰው እናንተን ሲጠብቅ ያመሻል። የቤተሰቡን ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። ክርስቲያን ሆናችሁ የሙስሊም ሥጋ የማትበሉ ከሆነ፣ ወይም ጾም ከሆነ፣ ገና ስትደውሉ ንገሯቸው። ማንም አይቀየምም፤ ምስራቁ እንዲህ ተከባብሮ መብላትን ከጥንት ያውቃል። ቁርሱ ዳቦ፣ ማር፣ ሻይና ቡና ነው። ቁጢ ካለ ደግሞ ጠይቁ፤ ከቡና ቅጠል የሚፈላ ነው፣ ቤት ውስጥ የተሠራውን የሚስተካከል የለም።

ይህ ሁሉ የማይመቻችሁ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሕፃን ይዛችሁ ከሆነ ወይም ደረጃና መደብ መውጣት የሚከብዳችሁ ከሆነ፣ ከግንቡ ውጪ ባለው አዲሱ ከተማ መደበኛ ሆቴል ያዙ። ነገር ግን አንድ ቀን ጌይ ጋር ውስጥ ገብታችሁ ቡና ጠጡ።

ደረጃ 10፦ ሁለቱ ቀናት

ቅዳሜ ጠዋት ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ያዙ። ዋጋውን፣ ሰዓቱንና የሚያሳያችሁን ቦታ ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ቤተሰቡ የሚያውቀው ሰው ቢሆን ይመረጣል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት ግንብ ዙሪያውን 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ጥንታዊዎቹ በሮች 5 ናቸው፦ ሸዋ በር፣ ፈላና በር፣ ኤረር በር፣ ሰንጋ በር፣ ቡዳ በር። በአንዱ ገብታችሁ በሌላው ውጡ። ሸዋ በር ላይ ገበያ አለ፤ ቅመሙ፣ ሸንኮራው፣ የሴቶቹ ቀለም ያለው ልብስ። ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ አለ፤ ከሐረር ጨርቅ ገዝታችሁ እዚያው ብታሰፉ እሁድ ይደርስላችኋል።

በራስ ተፈሪ ቤት ውስጥ ያለውን ሸሪፍ ሐረር ሙዚየም አትለፉ። አንድ ሐረሪ፣ አብዱላሂ ሸሪፍ፣ በዕድሜ ልክ ልፋት የሰበሰበው ነው፤ የእጅ ጽሑፎቹን ለማየት ብቻ መሄድ ያስቆጫል የሚል የለም። የራምቦ ቤት የሚባለውም አለ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሐረር የመጣው እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ ሲሆን፣ በዚች ከተማ የኖረው በንግድ ነበር። የጣውላ ሥራውና ባለቀለም መስኮቱ ያምራል። ሙዚየሞቹ ለምሳ ስለሚዘጉ በጠዋቱ ጨርሱ።

ከሰዓቱን ባዶ ተዉት። የምሬን ነው። ለሥራ ሦስት ቀን በፕሮግራም የኖረ ሰው እረፍቱንም በፕሮግራም ከሞላው ምን አረፈ? ነደባው ላይ ተጋደሙ። ቤተሰቡ ቡና ሲያፈላ ተቀመጡ።

ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ጅቦቹ ከግንቡ ውጪ ይመጣሉ። መጋቢው በስማቸው ይጠራቸዋል። እንጨት ላይ ሥጋ አንጠልጥሎ ይሰጣችኋል፤ ፍርሃት ቢኖርም እጃችሁን አረጋጉ። ክፍያውን አስቀድማችሁ ተስማሙ።

እሁድን ለቡናና ለገበያ አድርጉት። ጀጎል ውስጥ ቡናው እዚያው ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ ይሸጥላችኋል። ስፌት ስትገዙ ተከራከሩ፣ ግን የእጅ ሥራ መሆኑን አትርሱ።

ደረጃ 11፦ መመለስ

ሐረር አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፣ የምትበሩት ከድሬዳዋ ነው። በረራው አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ከሐረር መነሳት ያለባችሁ በረራው ሊነሳ ቢያንስ 4 ሰዓት ሲቀር ነው። ደንገጎ ላይ አንድ መኪና ከተበላሸ መንገዱ ይቆማል። በባቡር ለመመለስ ካሰባችሁ አዲሱ ጣቢያ ከድሬዳዋ ከተማ ወጣ ያለ ስለሆነ ለባጃጁም ጊዜ ስጡ፤ የሚነሳበትን ቀን ደግሞ ሳምንቱ ከመጀመሩ በፊት አረጋግጡ። በአውቶቡስ ከሆነ ሙሉ ቀን ይፈጃል፣ ሰኞ ጠዋት ቢሮ መግባት ያለበት ሰው አይሞክረው።

በዚህ መስመር ላይ የጉምሩክ ፍተሻ የተለመደ ነው። ድሬዳዋ ላይ ልብስ፣ ኤሌክትሮኒክስ ወይም ሽቶ ከገዛችሁ ደረሰኙን ከዕቃው ጋር አስቀምጡ። ለቤት የሚሆነውን ያህል እንጂ ለንግድ የሚመስል ብዛት አትያዙ። የሥራ ላፕቶፕና ካሜራ ከያዛችሁ የመሥሪያ ቤት ዕቃ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር።

ሰኞ ቢሮ ስትገቡ የድሬዳዋውን ደረሰኝ ብቻ አውጥታችሁ አወራርዱ። የሐረሩን ለራሳችሁ አስቀሩ። ከዚያ ለጌይ ጋሯ እመቤት ደውሉና በሰላም መግባታችሁን ንገሯት፤ ትጠብቃለች።